የጀልባ ግምገማ ማመን ይቻላል? የሐይቅ ጀልባችን ጉዳይ

የሐይቅ ዳር ልጅ (ደሴ) · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኛ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ሐይቅ ላይ ሰው እናንሸራሽራለን። መጀመሪያ የምንሠራው በአሮጌ የብረት ጀልባ ነበር። ባለፈው ዓመት ከቁጠባ ማኅበር ተበድረን አንድ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዛን። ርዝመቷ 5 ሜትር ተኩል ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። 7 ሰው ትይዛለች።

እንድንገዛ ያሳመነን አንድ ወረቀት ነው። ሻጩ ከውጭ የጀልባ መጽሔት የተተረጎመ ግምገማ ሰጠን። «በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ትከንፋለች፣ ለቤተሰብ ትመቻለች፣ በዋጋዋ ተወዳዳሪ የላትም» ይላል። ደጋግመን አነበብነው። ዋስ ለሆኑን ሽማግሌዎችም አነበብንላቸው። ፈረምን።

ከዚያ ውሃ ላይ አወረድናት። 6 እንግዳ ጭነን እኔ መሪውን ያዝኩ። ሞተሩ ይጮኻል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ኋላዋ ይዘፈቃል። በስልኬ ስለካው በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ነው። ነዳጁን ግን እንደ ጉድ ትጠጣዋለች። ነዳጅ ለማግኘት ስንት ሰዓት ሰልፍ እንደምንቆም የደሴ ሰው ያውቀዋል።

ሻጩን ስንጠይቀው «መጽሔቱ የጻፈውን እኔ ምን ላድርግ» አለን።

አሁን ነዳጁ ሲያቅተን ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ማሰብ ጀምረናል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ አይጠፋም። እናም ሌሊት ሌሊት የባለሸራ ጀልባ መጽሔቶችን ኢንተርኔት ላይ አነባለሁ። ያነበብኩት ሁሉ ውዳሴ ነው። እስካሁን አንድም «ይህቺን አትግዙ» የሚል አላገኘሁም። እነዚህን መጽሔቶች ማመን ይቻላል? ሁለተኛ እንዳንሳሳት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

---

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ። ያሳዝናል። ለመሆኑ መጽሔቱን ራሱን አይታችሁታል? ወይስ ሻጩ የሰጣችሁን ወረቀት ብቻ?

---

የሐይቅ ዳር ልጅ

ወረቀቱን ብቻ። ሁለት ገጽ ነው። የመጽሔቱ ስምና የወጣበት ወር ከላይ ተጽፏል።

---

ማሽን ክፍል (ኮምቦልቻ፣ አሁን መርከብ ላይ)

ወንድሜ፣ እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የመርከብ መሐንዲስ ነኝ፣ አሁንም ከወደብ ነው የምጽፍልህ። መጀመሪያ ስለ ሞተርህ ልንገርህ፣ ከዚያ ወደ መጽሔቱ እንሄዳለን።

ሐይቅ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሐይቅ ላይ ሲደርስ 20 በመቶው ሄዷል ማለት ነው። አንተ 40 ብለህ የገዛኸው እዚያ 32 ነው። ይህ የሞተሩ ጥፋት አይደለም፤ አየሩ ነው።

ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር እንደ ብሎን ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ኢንች ወደፊት መሄድ እንዳለበት የሚናገር ቁጥር አለው፣ ፒች ይባላል። ያንተ የተመረጠው ባሕር ጠለል ላይ ሁለት ሰው ለሚጭን ነው። አንተ ግን በ32 ፈረስ 7 ሰው ትገፋበታለህ። የጫነ አይሱዙ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል የሚሆነው ነው የሆንከው። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስትሰጠው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞራል? እሱን ንገረኝ።

ስለ መጽሔቱ ግን አትፍረድ። 45 ኪሎ ሜትር ብለው ከለኩ ለክተውት ይሆናል። የለኩት ግን ባንተ ሐይቅ ላይ አይደለም።

---

የሐይቅ ዳር ልጅ

4,600 ነው የሚዞረው። ከዚያ አያልፍም።

---

ማሽን ክፍል

እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ5,000 እስከ 6,000 መዞር አለበት። ታፍኗል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ብዙ ከሠራ ይጎዳል። ፒቹ በ2 ኢንች የቀነሰ ፕሮፔለር ፈልግ። እያንዳንዱ ኢንች ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምርልሃል። ባሕር ዳር ያሉ የጀልባ መካኒኮች ጣናም ከፍታ ላይ ስለሆነ ይህን ችግር ያውቁታል። እዚያ ጠይቅ።

---

የሸሻ በሯ (ኮምቦልቻ)

ማሽን ክፍል የተናገረው ስለ ሞተሩ ትክክል ነው። ስለ መጽሔቱ ግን አልስማማም።

እኔ አዲስ አበባ አንድ መጽሔት ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ጀልባ አልነበረም፣ ስለ ቤትና ስለ መኪና ነበር። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ማንም መጥቶ «ውሸት ጻፉ» አይልም። እንደዚያ ቢል ቀላል ነበር፣ እምቢ ትላለህ። ነገሩ የሚሆነው በዝምታ ነው። ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ የጀርባ ሽፋኑን ይገዛል። ጸሐፊው ይህን ያውቃል። ዕቃው ላይ ሦስት እንከን ያገኛል፣ አንዷን ትንሿን ይጽፋል፣ ሁለቱን ይተዋል። አዘጋጁም አንዷን ያለሰልሳታል። በመጨረሻ የታተመው ሁሉ እውነት ነው። አንባቢው ግን ተታሏል።

የጀልባው ዓለም ደግሞ ጠባብ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ጀልባ ሠሪዎች፣ ሸራ ሰፊዎችና ሞተር አምራቾች ናቸው። የሚገመገመውም የእነሱ ዕቃ ነው። ለሙከራ የምትቀርበውን ጀልባ የሚያቀርበው ሠሪው ነው። አዲስ ናት፣ ሆዷ ንጹሕ ነው፣ ምርጥ ሸራ ተሰቅሎላታል፣ ጭነት የለባትም። ጋዜጠኛው የሚያገኛት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ለስላሳ ከሆነ በለስላሳ ነፋስ ያያትን ይጽፋል። በከባድ ማዕበል ምን እንደምትሆን አላየም። አምስት ዓመት ከቆየች በኋላ የት የት እንደምታፈስም አላየም። ካላየ «አላየሁም» ማለት ነበረበት። እኔ ጥፋት የምለው ይህን ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ እባክህ የመጀመሪያውን መጽሔት ፈልገህ አግኘው። ስምና ወር ካለህ ይገኛል። ትርጉሙን አትመን።

---

ማሽን ክፍል

እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል። ግማሹን እቀበላለሁ።

እኔ ግን እነዚህን መጽሔቶች ከ10 ዓመት በላይ አንብቤያለሁ። በየወደቡ የባሕረኞች ማረፊያ ቤት አለ፤ መደርደሪያው ላይ አይጠፉም። ቀስ በቀስ አነባበባቸውን ተማርኩ። ቅጽሉን ትቼ ቁጥሩን አነባለሁ። ቅጽል ማንም ይሰጣል። ክብደት፣ የሸራ ስፋት፣ የኪል (ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከሆዷ ሥር የሚገጠም ከባድ ክንፍ) ክብደት፣ ጀልባዋ ስንት ዲግሪ ድረስ ብታጋድል ራሷን ትመልሳለች የሚለው፣ እነዚህ ሊነጻጸሩ ይችላሉ። እዚህም ቢሆን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሠሪው የሚሰጠው ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶ ጀልባ ነው። ውሃ፣ ነዳጅ፣ መልሕቅ፣ ምግብና ሰው ሲገባ ሌላ ጀልባ ትሆናለች።

ነቀፋውም አለ፣ ግን በጨዋ ቃል ተሸፍኖ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው አይከብድም። «ነቅቶ የሚይዛት መሪ ትፈልጋለች» ካሉ አቅጣጫ አትይዝም ማለት ነው። «በወደብ ውስጥ እጅግ ትመቻለች» ካሉ ስለ ባሕሩ ዝም ማለታቸውን ልብ በል። «ሠሪው እንደሚያስተካክለው ነግሮናል» ካሉ የተበላሸ ነገር አይተዋል።

ደግሞ ሁሉም አንድ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ፕራክቲካል ሴይለር የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ነው የተጀመረው። የታወቀው ማስታወቂያ ሳይቀበል አንባቢ በሚከፍለው በመኖሩ ነው። «ይህን አትግዙ» የሚል ቃል ካጣህ እዚያ ታገኘዋለህ። ስለ አሮጌ ጀልባ ሲጽፉ ባለቤቶቹን ይጠይቃሉ፣ የት እንደሰነጠቀ፣ የት እንደሚያፈስ።

በማስታወቂያ የሚኖሩትም ቢሆኑ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የእንግሊዙ ያቺንግ መንዝሊ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ያለ መጽሔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ 40 ጫማ የሚሆን አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ወስደው በየወሩ አንድ አደጋ አደረሱባት። ገለበጧት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ከወለሉ ጋር አጋጯት፣ ምሰሶዋን ሰበሩ፣ ሆዷን በሱ፣ እሳት ለኮሱባት፣ መጨረሻ ላይ በጋዝ አፈነዷት። የትኛው ዘዴ ውሃውን እንደሚያቆም፣ የትኛው ዋጋ ቢስ እንደሆነ አንባቢው በዓይኑ አየ። እንዲህ ያለው ሥራ ሰው ያድናል። ስለዚህ «መጽሔት ሁሉ ውሸታም ነው» ብለን እንዳንዘጋው።

---

የሸሻ በሯ

መጽሔት ሁሉ ውሸታም ነው አላልኩም። የሰምና ወርቁን ነገር ግን አስብበት። አንተ ባሕረኛ ነህ፣ ወርቁን ታገኘዋለህ። ቅኔውን የማያውቀው አንባቢስ? ግምገማ የሚያስፈልገው ለማያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀውማ ጀልባዋን አይቶ ይረዳታል። ስድስት ልጆች ተበድረው ሲገዙ ቅኔ መፍታት አለባቸው?

---

ማሽን ክፍል

ልክ ነሽ። ለዚህ መልስ የለኝም።

---

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ይቅርታ፣ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ልጆቹ ለ7 ሰው ላይፍ ጃኬት አላቸው ወይ? ሐይቁ እኮ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው ይባላል። ስለ ፍጥነት ብቻ ስናወራ ይህ እንዳይረሳ።

---

የሐይቅ ዳር ልጅ

አለን፣ 8 አለን። ሕፃን ሲመጣ የሚሆን ግን የለንም። ከወረቀቱ ላይ «ለባሕር ተፈትና የምስክር ወረቀት ያገኘች» የሚልም አለ። ይህስ ምን ማለት ነው?

---

ማሽን ክፍል

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚሸጥ የመዝናኛ ጀልባ ከአራት ምድብ አንዱን ይይዛል። የነፋሱ ኃይል የሚቆጠረው ቦፎርት በሚባለው ከ0 እስከ 12 ባለው መለኪያ ነው። ኤ ከ8 በላይ በሆነ የነፋስ ኃይልና ከ4 ሜትር በላይ በሆነ ማዕበል ለመሄድ የታሰበ ነው። ቢ እስከ 8 እና እስከ 4 ሜትር። ሲ እስከ 6 እና እስከ 2 ሜትር። ዲ እስከ 4 እና እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ለጸጥተኛ ውሃ። ጀልባህ ውስጥ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች፣ ምድቧንና የምትጭነውን ክብደት ታያለህ። ከየትኛውም ግምገማ በፊት እሷን አንብብ።

ምድቡ የሚናገረው ግን ስለ አዲስ ጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል ባለሸራ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተገንጥሎ ተገለበጠች። አራት ሰው አለቀ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ባወጡት ሪፖርት ጀልባዋ ቀደም ሲል ከውሃው ወለል ጋር እየተጋጨች እንደነበርና ተጠግና እንደነበር፣ ይህም ኪሉ የተያዘበትን ክፍል አዳክሞት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። አዲስ ሳለች የተጻፈ ግምገማ ይህን ሊያሳይ አይችልም። ያገለገለ ስትገዛ የምታምነው አንድ ነገር ነው። ከውሃ አውጥተህ ሆዷን ታያለህ።

---

ምጽዋ (ደሴ)

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የልጄ ልጅ ናት ይህን ያሳየችኝ፤ እኔ እያልኩ እሷ ትጽፋለች።

በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ። እዚያ በትናንሽ ባለሸራ ጀልባዎች እንለማመድ ነበር። መኮንኖች ክፍል የእንግሊዝኛ የጀልባ መጽሔቶች ይቀመጡ ነበር። ቋንቋውን የተማርኩት ግማሹን ከእነሱ ነው።

እኔ ከግምገማው ይልቅ የማነበው ከኋላ ያለውን የአንባቢ ደብዳቤ ነበር። አንዱ «ሦስት ዓመት ይዣታለሁ፣ የመሪዋ ማጠፊያ ሁለቴ ተሰበረ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «የእኔም» ይላል። ሠሪው ራሱ መልስ ይጽፋል። ከዚያ እውነቱ ይወጣል። የሚገዛ ሰው ባለቤቶቹን ይፈልግ። ባለቤት ገንዘቡን ከፍሏልና የሚያፍርለት የለም።

የሸሻ በሯ የኔ ልጅ ስለ ማስታወቂያ የተናገረችው እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1963 በፈረንጆቹ፣ ዴይሊ ሚረር የሚባል የለንደን ጋዜጣ በራሱ ስም ትንሽ ጀልባ አወጣ። ንድፏን የሠሩት ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል ናቸው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ30 ነው። ከኮምፔንሳቶ የተሠራች ናት። ሰሌዳዎቹን በመዳብ ሽቦ ሰፍተህ መጋጠሚያውን በፋይበር ግላስ ጥብጣብና በማጣበቂያ ትደፍነዋለህ። ሰው ቤቱ ውስጥ ይሠራታል። ሸራዋ ቀይ ነበር፣ የጋዜጣው ቀለም ነውና። ጋዜጣው የራሱን ጀልባ ነው ያወደሰው። ግን ጀልባዋ በእርግጥም ደህና ነበረች። ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ስንትና ስንት ልጅ ባሕር የለመደው በእሷ ነው።

ውዳሴ ከባለቤቱ ሲመጣ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ማወቅ ያለብን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው። ጋዜጣው ጀልባዋን በራሱ ስም ጠርቶ ነው የተናገረው።

እንግሊዞች ሌላም ደህና ነገር አላቸው። የየክለቡን የውድድር ውጤት ሰብስበው ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት የፍጥነት ቁጥር ያወጣሉ። ፖርትስመዝ ያርድስቲክ ይሉታል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጀልባዋ ፈጣን ናት። ከብዙ ሰው ውድድር የወጣ ነውና አንድ ሠሪ ብቻውን ሊያጣምመው አይችልም።

ለሐይቅ ልጆች፦ ባለሸራ ከፈለጋችሁ ትልቁን አትመኙ። ደሴ ውስጥ እጁ የተፈታ አናጺ ሞልቷል። ትንሽ ሠርታችሁ ጀምሩ። ሸራ እንዴት እንደሚያዝ መጥቼ አሳያችኋለሁ። ጉልበቴ ደክሟል እንጂ እጄ አልረሳም።

---

ቧንቧ ውሃ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ወላሂ ደሴ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ሲሄዱ እኔም አብሬ እመጣለሁ፣ መኪናው በእኔ ነው።

---

የሐይቅ ዳር ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ መጽሔቱን አገኘሁት። የሸሻ በሯ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በአማርኛው ወረቀት ላይ ያልነበሩ ሁለት ነገሮች እዚያ አሉ። አንደኛው ከታች ያለ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። 45 ኪሎ ሜትር የተለካው ባሕር ላይ፣ በ2 ሰውና በግማሽ ነዳጅ ነው ይላል። ሁለተኛው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። «ሰው ሞልቶ ለሚጭን 60 የፈረስ ጉልበት እንመክራለን» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ቢተረጎምልን ኖሮ አንገዛም ነበር። ቆርጦ የጣለው መጽሔቱ አይደለም።

ሆኖም እዚያው እትም ውስጥ የጀልባው ሠሪ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አለው። እና ያ የ60 ፈረሱ ምክር ከ1,000 በላይ ቃል ውዳሴ ካለቀ በኋላ ነው የመጣው። ከላይ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ማሽን ክፍልም ልክ ነህ፣ የሸሻ በሯም ልክ ነሽ።

ሰሌዳዋን አነበብኩ። ምድብ ሲ ናት፣ 7 ሰው።

ፕሮፔለሩን ከባሕር ዳር አገኘን፣ ያገለገለ ነው፣ ፒቹ 2 ኢንች ያነሰ። ትናንትና ዛሬ ለካን። ለሌላ ሰው እንዲጠቅም ሁሉንም እጽፋለሁ። ማንም አልከፈለኝም፤ ጀልባዋ የራሳችን ናት፣ ዕዳውም የራሳችን።

ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ 2 ሰው ጭነን፦ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር። ሞተሩ 5,400 ዞረ።

7 ሰው ጭነን፦ 22 ኪሎ ሜትር። 5,000 ዞረ። አፍንጫዋ ወርዳለች፣ ግን ሰዎች ወደፊት ካልተቀመጡ እንደገና ትነሳለች። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ መሄድ አያዋጣም።

7 ሰው ጭነን ቀስ ብለን፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር፦ ነዳጅ በሰዓት 4 ሊትር አካባቢ። ለሽርሽር የሚሆነው ይህ ነው። እንግዶቹም ወፍ ያያሉ፣ የእስጢፋኖስ ገዳምን ከውሃው ላይ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ማንም ፍጥነት አልጠየቀንም።

እንከኖቿ፦ የኋላ መቀመጫዋ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፣ መውጫ ቀዳዳው ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። በግራ በኩል የእጅ መያዣው ሁለቴ ተነቅሏል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ፊት የተቀመጠ ሰው ይረጥባል። በከባድ ነፋስ አልሞከርናትም፤ ስለዚህ ስለ እሱ የምለው የለኝም። የሞከርናት አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ለሕፃን የሚሆኑ ሁለት ላይፍ ጃኬቶች ገዝተናል።

---

የሸሻ በሯ

እስካሁን ካነበብኩት የጀልባ ግምገማ ሁሉ ይህ ይሻላል። መውጫ ቀዳዳውን ፎቶ አንስተህ ለጥፈው። ሌላ ቦታ ይህችኑ ጀልባ የያዘ ሰው ሊኖር ይችላል።

---

ማሽን ክፍል

ቁጥሮቹ ይስማማሉ። 5,000 ላይ ዝቅተኛው ጠርዝ ላይ ነህ። ብታገኝ አንድ ኢንች ቀንስ። መያዣውን በብሎን ብቻ አትመልሰው፤ ከውስጥ በኩል ሰፊ ብረት ደግፍበት።

---

ምጽዋ

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ኮምፔንሳቶ ከመግዛታችሁ በፊት ጠብቁኝ፤ ውሃ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቼ አሳያችኋለሁ።

---

የሐይቅ ዳር ልጅ

እንጠብቅዎታለን ጋሼ። ቡናው ይፈላል።